የተሸጠ ዕቃ አይመለስምን?

ያገለገለ ዕቃ ለሚሸጡና ለሚገዙ ክርስቲያኖች የቀረበ ምክር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በባሕር ዳር ከተማ ከጣና ዳር ተነሥተህ ወደ ገበያ ብትወጣ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ፥ በብዙ ደረሰኝም ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ቃል ተጽፎ ታገኛለህ። ቃሉ አጭር ነው፤ ሰውም ስለ ለመደው አንብቦት ያልፋል እንጂ አያስተውለውም። በዚህ ዘመን ደግሞ ይህ ቃል ከግድግዳ ወርዶ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሱቅ የሌላቸው ተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ሌላ ሰው የያዘውን የእጅ ቦርሳ ገዝተው፥ አጽድተው፥ ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራም ይሸጣሉ፤ ከፎቶግራፉም በታች ያንኑ ቃል ይጽፋሉ። እኛም በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ይህ ቃል ለክርስቲያን አፍ የሚገባ መሆኑንና አለመሆኑን በእግዚአብሔር ፊት እንመርምር።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናገር። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም። አዲሱን ለመግዛት ዐቅም ያነሣት እኅት በጥቂት ዋጋ ያማረ ቦርሳ ብታገኝ፥ የሸጠችላትም ልጅ በትርፉ የቤት ኪራይዋን ብትከፍል፥ ሁለቱም ተጠቅመዋል፤ እግዚአብሔርም በእጅ ሥራ ይደሰታል። የተሰረቀ ወይም ከቀረጥ ተሸሽጎ የገባ ዕቃ ግን ከዚህ ነገር ውጭ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ በቅን ቃል መሸጥ አይቻልምና። የተመሳሰለውንም ቦርሳ የታወቀ የውጭ አገር ፋብሪካ ስም ስላለበት ብቻ «ኦርጅናል ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ስለ መመለስና ስለ አለመመለስ ከመከራከሩ በፊት ስለ ሐሰቱ ንስሐ ይግባ።

አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ብር በሚገበያዩበት ዘመን ብሩን የሚቀበል ሰው በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያለውን የዕንቍ ፈርጥ አንድ በአንድ ይቈጥር ነበር፤ የጨው አሞሌም ጠርዙ የተሸረፈ እንደ ሆነ ዋጋው ይጎድል ነበር። ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ቆመው፥ ሁሉንም በእጃቸው ዳስሰው ይስማሙ ነበርና ከተለያዩ በኋላ «አይመለስም» ማለት ጥቂት ምክንያት ነበረው። የዛሬው ገዥ ግን ጎንደር ተቀምጦ በባሕር ዳር ያለውን ቦርሳ ይገዛል። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በመካከል አለ። ቆዳውን አልዳሰሰም፤ ዚፑን አልሳበም፤ ገበሩን ገልብጦ አላየም። ያየው አንተ ልታሳየው የወደድኸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ገዥው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ዐይኑን አደራ ሰጥቶሃል ማለት ነው። እግዚአብሔር በሙሴ ሕግ በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይደረግ ከልክሏል (ዘሌ. 19፥14)። ከፎቶግራፉ ውጭ ያለውን የማያይ ሰው ለዚያች ሰዓት እንደ ዕውር ነው፤ የተደበቀውም ነውር በፊቱ የተኖረ ዕንቅፋት ነው።

ይህን ነገር የጣና ሰዎች ይልቁን ያውቁታል። ከደንገል የታሰረ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ይበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት የጸና የሚመስል፥ ከሥሩ ግን የላሸቀ ታንኳ ይኖራል። አንድ ሰው ሥሩን እያወቀ ላዩን ብቻ አሳይቶ ቢሸጥ፥ ገዥውም እንጨት ጭኖ ከዘጌ ሲመጣ በባሕሩ መካከል ቢሰጥም፥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ቃል በእግዚአብሔር ፊት ምን መልስ ይሆነዋል? ቦርሳ ሰውን አያሰጥም ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ኪሳራው ያንሳል። ልቡ ግን አንድ ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ምሳሌ አቁመን እንናገር። በባሕር ዳር የምትማር አንዲት ልጃገረድ አለች እንበል። ማንገቻው ከሥሩ የተሰነጠቀ የእጅ ቦርሳ በርካሽ ገዛች፤ ስንጥቁን በማስቲሽ አጣበቀችው፤ ቀለም ቀባችው፤ በደኅናው ወገንም ፎቶግራፍ አንሥታ «እንደ አዲስ ነው» ብላ ጻፈች። በጎንደር ያሉ አንዲት መምህርት ቦርሳውን ወድደው 2,800 ብር በቴሌብር ላኩ፤ ቦርሳውም በአውቶቡስ ደረሳቸው። መምህርቲቱ በደረሳቸው ቀን አልመረመሩትም። ቅዳሜ ወደ ሠርግ ይዘውት ሄዱ፤ በሠርጉ ቤትም ወጥ ፈሰሰበት፤ ከዚያም በመንገድ ማንገቻው ተበጠሰ። ሰኞ ዕለት «እኅቴ፥ የላክሽልኝ ቦርሳ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው፤ ገንዘቤን መልሺልኝ» ብለው ጻፉ፤ የሠርጉን ነገር ግን አላነሡም። ልጅቱም በገንዘቡ የቤት ኪራይ ከፍላበት ነበርና ፈራች፤ «እትዬ፥ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብላ መልሳ ስልኳን ዘጋችባቸው። መምህርቲቱም ተቈጡ፤ የልጅቱን ፎቶግራፍ «ሌባ ናት፤ ተጠንቀቁ» ከሚል ቃል ጋር ብዙ ሺህ ሰው በሚያነበው ስፍራ ለጠፉት። በእሑድ ቀን ግን ሁለቱም በየከተማቸው ወደ ጸሎት ቤት ሄደው ለአንድ አምላክ ዘመሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ከሁለቱ በደለኛዪቱ ማን ናት? ፈጥነህ አትፍረድ፤ ምናልባት አንዱን ወገን የያዝኸው ሻጭ ወይም ገዥ ስለ ሆንህ ይሆናልና።

የሻጭዋ በደል ቦርሳውን መጠገንዋ አይደለም፤ የተጠገነ ዕቃ መሸጥ የተፈቀደ ነው። በደልዋ ጥገናውን መሸሸግዋ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን ካህናት ሲገሥጽ፥ ለአገረ ገዥ ቢያቀርቡት የማይቀበላቸውን ለእግዚአብሔር በማቅረባቸው ወቀሳቸው። አንተም ዕቃህን ለገዥ ስታቀርብ «ይህን ዕቃ ለእናቴ ብሸጥላት ይህን ስንጥቅ እነግራት ነበርን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ለእናትህ የምትነግራትን ለማታውቀው ሰው ከደበቅኸው በሁለት ሚዛን ሸጠሃል። ፍቅር የሰውን ነውር ይሸፍናል፤ የዕቃን ነውር መሸፈን ግን ፍቅር አይደለም፤ ስርቆት ነው።

የገዥዋም በደል ገንዘባቸውን መጠየቃቸው አይደለም፤ መብታቸው ነው። በደላቸው ግን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ዕቃው በደረሳቸው ጊዜ ሳይመረምሩ ተጠቀሙበት። ሁለተኛ፥ የሠርጉን ነገር ደብቀው ግማሽ እውነት ተናገሩ። ሦስተኛ፥ ክርክሩ በሁለት ሰው መካከል ሳለ በአደባባይ አወጡት። የመጽሐፈ ምሳሌ ጸሓፊ በመግዛት ጊዜ ዕቃውን የሚያጣጥል፥ ከሄደ በኋላ ግን በግዢው የሚመካ ሰው እንዳለ አስተውሏል (ምሳ. 20፥14)። በዘመናችን ደግሞ የዚህ ወንድም ተነሥቷል፤ ለአንድ ቀን ግብዣ ይዞት ሊታይ ገዝቶ በማግሥቱ ጉድለት ፈልጎ የሚመልስ፥ ወይም ደኅናውን ሰንሰለት አውልቆ አሮጌውን አስሮ የሚልክ። ይህ ሰው ዕቃውን ያለ ኪራይ ተከራይቶታል። ከሻጭ የተሰረቀ ከገዥ ከተሰረቀው አያንስም።

የአገራችንም ሕግ ይህን ነገር ሳይናገር አላለፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዥውም ዕቃውን እንደ ተቀበለ ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ገዥው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ሻጭ አይጠየቅም። ደግሞም ሻጭ ከኀላፊነት የሚያወጣውን ቃል በውል ቢያገባ እንኳ፥ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆት እንደ ሆነ ያ ቃል አያድነውም። እንግዲህ «አይመለስም» የሚለው ጽሕፈት ስንጥቁን በማስቲሽ ለደበቀ ሰው በምድራዊ ዳኛ ፊት እንኳ ጋሻ አይሆንም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷልና፥ በስልክህ «እንደ አዲስ ነው» ብለህ የጻፍኸው ቃል እንደ ነፋስ የሚያልፍ አይምሰልህ። የሕግ መጨረሻ ግን የክርስቲያን መጀመሪያ ነው። ሕግ የሚፈርደው በሚታይ ማስረጃ ነው፤ ጌታችን ግን ማስቲሹን በቀባህበት ሌሊት በክፍልህ ውስጥ ነበረ።

ነገር ግን አንዳንድ ሰው «እኔ ምንም አልደበቅሁም፤ ጉድለቱን እኔም አላወቅሁትም፤ ስለ ምን እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው ቅን ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ በመደርደሪያ ላይ ሳለ ደኅና ይመስልና በጥቂት ቀን አያያዝ ይላላጣል፤ ይህን ከሻጭም ከገዥም ማንም ላያውቀው ይችላል። መልሱ ይህ ነው። ሁለታችሁም ጉድለቱን ቀድማችሁ ብታውቁት ኖሮ ቦርሳው ስንት ብር ይሸጥ ነበር? 2,800 ብር የወጣው ቦርሳ 1,500 ብር ብቻ የሚያወጣ ከነበረ፥ በእጅህ ያለው 1,300 ብር በስሕተት የመጣልህ ነው። የያዕቆብ ልጆች ከግብጽ እህል ሸምተው በተመለሱ ጊዜ ብራቸውን በየስልቻቸው አፍ አገኙት። አልሰረቁትም፤ እንዴት እንደ ገባም አላወቁም። አባታቸው ግን የስሕተት ገንዘብ ሊሆን ይችላል ብሎ እጥፍ አስይዞ መለሳቸው (ዘፍ. 43)። ራብ በቤቱ ሳለ ይህን አደረገ። በስሕተት የመጣ ገንዘብ ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስ አደራ ነው፤ ከታወቀ በኋላ ግን የያዘው ሰው ሆነ ብሎ ያስቀረው ነው።

እንግዲህ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምን እናድርግ? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መንገዱን በሦስት ደረጃ አሳይቶናል። በደል የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ለብቻው ከወንድሙ ጋር ይነጋገራል፤ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይወስዳል፤ ያም ባይሆን ለማኅበሩ ይነግራል። አስተውል፤ አደባባይ የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እኛ ግን ደረጃውን ገልብጠን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ሺህ ሰው ካነበበው በኋላ ሽማግሌ እንፈልጋለን። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተጣላውን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች በአገራችን ሞልተዋል፤ እንዲህ ያለውን ክርክር በስልክ እንኳ ሰምተው ሊጨርሱት ይችላሉ። በአደባባይ የተጣለ ስም ግን እንደ ተበተነ ጤፍ ነው፤ ቢለቅሙትም ሁሉ አይገኝም።

ደግሞም ዝምታን ሁሉ እንደ ክሕደት አትቍጠር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፥ ገንዘብ ተቀብለው ዕቃውን ሳይልኩ፥ ወይም ዕቃ ልከው ገንዘቡን ሳይቀበሉ የቀሩ ሰዎች መልስ መስጠት የማይቻላቸው ነበሩ። መልስ ያላገኘ ሰው «በላኝ» ሊል ይችል ነበር። ፍቅር ግን አስቀድሞ «ምን አግኝቶት ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን እናስብና ወንድማችንን ሌባ ከማለታችን በፊት በሌላ መንገድ እንፈልገው፤ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ፤ ቀንም እንስጠው።

አሁን ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። ልጅቱ ስንጥቁን አውቃ ደብቃለችና 2,800 ብሩን ከመላኪያው ጋር ትመልስ። ባንድ ጊዜ መመለስ ባይቻላት «የለኝም» ብላ አትዝጋ፤ በየወሩ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብላ ትጻፍ፤ ሽማግሌም ይመስክር። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈ ጊዜ ጉዳቱን እርሱ ራሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ጽፎ አልነበረምን? መምህርቲቱም ሳይጠየቁ የሠርጉን ነገር ይናገሩ፤ የወጡ እድፍ ከቦርሳው ዋጋ ያጎደለውን ከሚመለስላቸው ላይ ይተዉላት። በለጠፉበትም ስፍራ፥ ያን ያህል ሰው በሚያነበው መጠን፥ ስድቡን አንሥተው ይቅርታ ይጻፉ። ስድቡ በአደባባይ ተነግሮ ይቅርታው በጓዳ ቢነገር ሚዛኑ አልተካከለም። ይህን ሁለቱም ቢያደርጉ ልጅቱ ገንዘብ ታጣለች፥ መምህርቲቱም ጥቂት ክብር ያጣሉ፤ ነገር ግን በሚመጣው እሑድ የሚዘምሩት መዝሙር ወደ ላይ ይወጣል።

ክርክሩ እንዳይነሣ ደግሞ አስቀድመን እንጠንቀቅ። ሻጭ የሆንህ ሆይ፥ የዕቃህን ጉድለት ከመልኩ አስቀድመህ ፎቶግራፍ አንሣ፤ ጭረቱን፥ እድፉን፥ የተጠገነውን ስፌት፥ የተላጠውን ጠርዝ ሁሉ አሳይ። ገበሩንም ገልብጠህ አሳይ። የምታውቀውን ጻፍ፤ የማታውቀውንም «አላውቅም» በል። ከመላክህ በፊት ዕቃውን ከነ ጉድለቱ ፎቶግራፍ አንሥተህ አኑር። ስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል፥ የመላኪያውንም ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ቀብድ ከመቀበልህ በፊት ተስማማ። ገዥ የሆንህም ሆይ፥ ዕቃው በደረሰህ ሰዓት በብርሃን መርምረው፤ ዚፑን ሳበው፤ ማንገቻውን ፈትነው። ጉድለት ብታገኝ በዚያው ቀን ፎቶግራፍ አንሥተህ ለሻጭ ብቻ ላክለት፤ ልትመልሰው ካሰብህም አትያዘው። ሐሳብህን ስለ ለወጥህ ብቻ የምትመልስ እንደ ሆነ ግን «ተበላሸ» አትበል፤ «ሐሳቤን ለወጥሁ» በል፥ ሻጩም እንቢ ቢልህ አትቀየመው፤ ያ ምሕረት ነው እንጂ ዕዳው አይደለም።

በመጨረሻም፥ ወዳጄ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የምናደርገው ስለ ምንድር ነው? ስለ ጥሩ ስም ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ ስለሚበዛም አይደለም። እኛ ራሳችን የተሸጥን ዕቃ ነበርን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 7 ሰው ከኀጢአት በታች የተሸጠ መሆኑን ይመሰክራል። እጅ ከእጅ ተላልፈን፥ አርጅተን፥ ተሰንጥቀን፥ ላያችንን ቀለም ቀብተን ተቀምጠን ነበርን። እግዚአብሔር በዚያ ጊዜ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢል ኖሮ ተስፋችን በምን ነበር? እርሱ ግን ነውራችንን ሁሉ እያወቀ፥ አንድ ስንጥቅ እንኳ ሳይሰወርበት፥ በልጁ ደም ገዝቶ ወደ ቤቱ መለሰን። በዋጋችን አልተከራከረም፤ ከተቀበለንም በኋላ ጉድለታችንን ቈጥሮ አልጣለንም። እንዲህ የተመለሰ ሰው ስለ አንድ ቦርሳ ማንገቻ በወንድሙ ላይ በሩን መዝጋት እንዴት ይችላል? ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አታልሎ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ማንም ከሶት አልነበረም፤ መዳን ወደ ቤቱ ስለ ገባ ነው እንጂ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ስልክህን ክፈት። ሳትመልስለት የተውኸው፥ የዘጋህበትም ሰው ካለ ስሙን ፈልገህ አግኝ። በሐሰት የለጠፍኸው ቃል ቢኖር አንሣው። ከዚያም ከዕቃህ ሥር ያለውን የቀድሞውን ጽሕፈት ፍቀህ በስፍራው «ነውሩ ሳይነገር የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል» ብለህ ጻፍ። ትርፍህ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ እንቅልፍህ ግን የጣፈጠ ይሆናል።

የሰውን ልብ የሚመረምር፥ የጠፋውንም የሚመልስ አምላክ በሚዛናችንና በቃላችን እውነተኞች ያድርገን። አሜን።